አሠልጥኖ ማቆየት፦ የነርሶችና የአዋላጆች አገልግሎት በጤና ተቋሞቻችን

በኦሪት ዘጸአት መጀመሪያ ላይ የሁለት ሴቶች ስም ተጽፎ እናገኛለን። ሲፓራና ፉሐ ይባላሉ፤ ሥራቸው ማዋለድ ነው። ፈርዖን የዕብራውያን ወንዶች ልጆች ገና ሲወለዱ እንዲገደሉ አዘዛቸው፤ እነርሱ ግን እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናቱን በሕይወት አኖሩ። የንጉሡ የራሱ ስም በዚያ ምዕራፍ አልተጻፈም፤ የሁለቱ አዋላጆች ግን ተጽፎአል። ይህን ምንባብ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሕይወት ክቡርነት በሚሰበክበት ጊዜ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ወደ ምዕራፉ መጨረሻ (ዘጸ. 1፥21) ዐልፈነው የምንሄድ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እግዚአብሔር ለአዋላጆቹ ቤት እንደ ሰጣቸው የሚናገረው ነው። መምህራን «ቤት» የሚለውን ቃል ቤተ ሰብና ዘር ማለት ነው ብለው ይተረጕሙታል። እውነት ነው። ሆኖም በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ሥራዋን ለቅቃ የምትሄድበትን ምክንያት ብትጠየቅ፣ ከመልሶቿ አንዱ በዚሁ ቃል ውስጥ ይገኛል፤ የምትኖርበት ደኅና ቤት የላትም፤ ትዳር ይዛ ልጆች ለማሳደግም ቦታው አላመቻትም።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጕዳይ ይህ ነው። ነርሶችና አዋላጆች በበቂ ቍጥር እንዴት ይሠለጥናሉ? ከሠለጠኑስ በኋላ በሥራቸው ላይ እንዴት ይቆያሉ? ስለ መጀመሪያው ጥያቄ በሀገራችን ብዙ ተብሎአል፤ ብዙም ተሠርቶአል። ሁለተኛው ግን ከሚገባው ያነሰ ትኩረት አግኝቶአል። እኛም የቤተ ክርስቲያን ልጆች በዚህ ረገድ ከተጠያቂነት ነፃ አይደለንም።

የችግሩን ክብደት ለመረዳት ከታሪካችን አንድ ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው ተመርቀው ነበር። ከነጻነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው፣ አግብተው በወለጋ ሳሉ በነፍሰ ጡርነታቸው ጊዜ በደረሰባቸው ችግር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 በወጣትነታቸው ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ራሳቸውም ነርስ የነበሩት ሴት በዚህ ዐይነት ከሞቱ፣ በየገጠሩ ስማቸው ሳይመዘገብ ያለፉት እናቶች ስንት እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ፤ ነርሶችም ይማሩበት ነበር።

ወደዚሁ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት ሐኪሞች፣ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፣ ከአውስትራልያ መጡ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፊስቱላ ሕክምና ነው። ነገር ግን የመጡበት ምክንያት ሌላ ነበር፤ አዋላጆች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ቤት እንዲያቋቍሙ ነበር የተጠሩት። ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ሐኪሞቹም በአጠገባቸው አዋላጅ ባለመኖሩ ምክንያት በምጥ ብዛት የተጐዱትን ሴቶች ማከም ያዙ፤ የፊስቱላ ሆስፒታልንም መሠረቱ። የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007፣ ማለትም ሐኪሞቹ በመጡ በ48 ዓመት ነው። ዶክተር ሬጂናልድ በሕይወት ኖረው አላዩትም። በእነዚህ 48 ዓመታት ውስጥ የታከሙት ሴቶች ብዙዎቹ በወቅቱ የሠለጠነች አዋላጅ ብታገኛቸው ኖሮ ወደ ሆስፒታሉ በር ባልደረሱ ነበር። አዋላጅ ባለማሠልጠን የተረፈ ገንዘብ ካለ፣ በኋላ በቀዶ ሕክምና፣ በዕንባና በኀፍረት ተከፍሎአል።

ከዚያ ወዲህ የተደረገውን እድገት ግን መካድ አይገባም። በሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለዱ እናቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 10፣ በ2016 ደግሞ 28 ደረሱ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ወደ ግማሽ ተጠግተዋል። ከ100,000 ሕያው ልደት ውስጥ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች በ2000 871 የነበሩ ሲሆን በ2016 412 ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቶአል። የአዋላጆች ትምህርትም በየክልሉ ኮሌጆች ተስፋፍቶ የተመራቂዎች ቍጥር በአጭር ጊዜ እጅግ ጨምሮአል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ቍጥር ሲጨምር ትምህርቱ በዚያው ልክ አይጠብቅም። ማዋለድ በጥቍር ሰሌዳ ብቻ የሚተላለፍ ትምህርት አይደለም፤ እጅ ሊለምደው ይገባል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት አንዲት የአዋላጅነት ተማሪ ከመመረቋ በፊት ቢያንስ 40 ወሊዶችን ራሷ ማከናወን አለባት፤ የወላዶች ቍጥር ባነሰበት ቦታም 30 ሆኖ በሌሎች 20 ወሊዶች ላይ ትረዳለች። ይህ ቍጥር ከንቱ ሥርዐት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ወሊዶች ተማሪዋን ከፍርሃት ያላቅቋታል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ናቸው ማስተዋልን የሚያስተምሯት። ምጡ መዘግየቱን፣ የሕፃኑ ልብ ትርታ መድከሙን፣ ከእንግዴ ልጁ በኋላ የሚፈሰው ደም ከልክ ማለፉን ለይቶ ማወቅ ከብዙ ሌሊት ተረኝነት የሚገኝ ጥበብ ነው። በአንድ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከሦስት ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች በአንዲት ወላድ ዙሪያ ተኰልኵለው ከቆሙ ግን፣ አንዷ ትሠራለች፤ ሌሎቹ ያያሉ፤ የኋለኞቹም አያዩም። ወላዲቱም በዚያ ሁሉ ዐይን መካከል ምን እንደሚሰማት መዘንጋት የለብንም።

ስለዚህ የሥልጠና ጥያቄ በእርግጥ የአስተማሪ፣ የአልጋና የጊዜ ጥያቄ ነው። በወሊሶ የሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊካዊ ሆስፒታል የነርሶችና የአዋላጆች ትምህርት ቤቱን ከሆስፒታሉ ጋር አጣምሮ መያዙ ከዚህ አንጻር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተማሪዋ ከክፍል ወጥታ ወደ ሕሙማን አልጋ ለመድረስ ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ይበቃታል። የሐምሊን ኮሌጅም ሌላ መልካም ሥርዐት አለው። ተማሪዎቹን የሚመለምለው ከገጠር ነው፤ በነጻ ያስተምራቸዋል፤ ሲመረቁም ወደ መጡበት አካባቢ ይመልሳቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ግን አንዲቱን ብቻዋን አለመላኩ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሆነው በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ያደርጋል፤ የሚጐበኛቸውና የሚመክራቸው ባለሙያም ይልካል። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው (ማር. 6፥7) እናስታውስ። ብቻዋን የተመደበች አዋላጅ በሳምንት ሰባት ሌሊት ተረኛ ናት። እንዲህ ያለ ኑሮ ስንት ዓመት ይዘለቃል?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን ደረስን። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደ ነበሩና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጐድሉ የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ባወጣው ዘገባ ገልጾአል። ሀብታሞቹ አገሮች የጐደላቸውን ነርስ ከድኾቹ ይወስዳሉ፤ ድኾቹ ደግሞ ከገጠራቸው ወደ ከተማ ያመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ባዶ የሚቀረው የገጠሩ ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ከሌላ አገር ስለ መቅጠር የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቆአል፤ ኢትዮጵያም ልዩ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል በተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች። ደንቡ ግን የፈቃደኝነት ነው፤ የሚያስገድድ ኀይል የለውም። ደግሞም አንዲት ነርስ ወደ ተሻለ ኑሮ ለመሄድ ያላትን መብት ማንም በበጎ ሕሊና ሊነፍጋት አይችልም። መንገዱን ከመዝጋት ይልቅ የምትቆይበትን ምክንያት መፍጠር ይሻላል።

በሀገራችን ያለው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። የተመረቁ ነርሶች ሥራ አጥተው በየከተማው ተቀምጠው እናያለን፤ በዚያው ቀን በወረዳው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ለብቻዋ የሦስት ሰው ሥራ ስትሠራ እናያለን። መንግሥት የሚቀጥርበት በጀት ከተመራቂዎቹ ቍጥር ጋር እኩል ስላልሄደ ነው። ስለሆነም «ባለሙያ የለም» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ባለሙያዋ አለች፤ የሚከፈላት ደመወዝ ነው የሌለው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ ማቆማቸው የሚታወስ ነው። የሕሙማን መጕላላት የሚያሳዝን ነው፤ ባለሙያዎቹ ያነሡት የኑሮ ጥያቄ እውነተኛ መሆኑም አይካድም። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ግዴታችን ነው።

ከሌላ አፍሪቃዊ አገር የምንማረው አለ። ማላዊ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነርሶቿ ወደ ብሪታንያ እየፈለሱ፣ የቀሩትም በኤድስ እየሞቱ፣ ሆስፒታሎቿ ባዶ ወደ መሆን ተቃርበው ነበር። መንግሥት ከለጋሾች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ የሰው ኀይል መርሐ ግብር አወጣ። ለጤና ባለሙያዎች በደመወዛቸው ላይ 52 ከመቶ ተጨመረ፤ ማሠልጠኛዎቹም ተስፋፉ። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ጭማሪው ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን በክርስቲያን ጤና ማኅበር ሥር ባሉ የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታሎች ለሚሠሩትም መሰጠቱ ነው። የባለሙያዎቹ ቍጥር ከ2004 እስከ 2009 ከ5,453 ወደ 8,369 ከፍ አለ። ገንዘብ ብቻውን ሁሉን አይፈታም፤ ለጋሹ እጁን ሲሰበስብ ጭማሪውን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄም ተነሥቶ ነበር። ይሁን እንጂ «ነርሶች ቢጨመርላቸውም መሄዳቸው አይቀርም» የሚሉ ሰዎች አስተያየት ልክ እንዳልሆነ በተግባር ታይቶአል።

አሁን ስለ ራሳችን እንነጋገር።

ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን በማስታመም ረጅም ታሪክ አላት፤ ማዋለድን በተመለከተ ግን ገዳማውያት እህቶች ሥራውን በይፋ የተፈቀደላቸው ከብዙ ሰው ግምት ዘግይቶ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል። ለረጅም ዘመን የማዋለድ ሥራ ለመነኰሳይት አይስማማም ተብሎ የተከለከለ ነበር። እንደ እናት አና ዴንገል ያሉ ሴቶች፣ በተለይም ወንድ ሐኪም ሊያያቸው በማይፈቀድባቸው አገሮች እናቶች ያለ ረዳት እየሞቱ መሆናቸውን ለሮም ደጋግመው አሳሰቡ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1936 ቅድስት መንበር ባወጣችው መመሪያ እህቶች የሐኪምነትና የአዋላጅነት ትምህርት ተምረው ምስክር ወረቀት እንዲይዙ ፈቀደች፤ አበረታታችም። ቀኑ የሉርዷ እመቤታችን በዓል ነው፤ ከ1993 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የሕሙማን ቀን የሚከበርበትም ይኸው ዕለት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሴቶችን ሞት አይታ የቀደመ ሥርዐቷን ማሻሻሏ ለእኛም አብነት ይሁነን።

እናት አና የመሠረቷቸው የሕክምና ሚስዮን እህቶች በጉራጌ ምድር እ.ኤ.አ. በ1969 የአጣጥ ሆስፒታልን አቋቋሙ። በዚያ የተጀመረው የእናቶች ማቆያ በብዙ አገር የታወቀ ነው። አሳሳቢ እርግዝና ያላት ሴት ምጧ ሳይመጣ ጥቂት ሳምንታት ቀድማ መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ባለው ጐጆ ትቆያለች፤ ምጡ ሲጀምራት ወደ አዋላጆቹ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ይበቃታል። ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተው ነበር። በማቆያው ከቆዩት መካከል የሞቱት እናቶች በ100,000 ሕያው ልደት ሲሰላ ወደ 90 ሲሆኑ፣ በማቆያው ሳይቆዩ ከመጡት መካከል ግን ወደ 1,333 ነበሩ። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም ከሺሕ 17.6 እና 191.2 ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ሳይቆዩ የመጡት ብዙዎቹ በቃሬዛ ተይዘው፣ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ፍሬ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህ ራሱ የሚያስተምረን አለ። ጐጆው ርካሽ ነው፤ እናቶቹም ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ማቆያው የሚጠቅመው ግን በአጠገቡ ሌሊትና ቀን የማይለዩ አዋላጆች ስላሉ ነው። አዋላጆቹ ቢለቁ ጐጆው የመጠበቂያ ስፍራ እንጂ የመዳኛ ስፍራ አይሆንም።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ትንሽ የሚከብድ ነገር ላነሣ ነው። በተቋሞቻችን ውስጥ የነርስነት ሥራ «ጥሪ» ነው እንላለን። ልክ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2020፣ የነርሶችና የአዋላጆች ዓለም አቀፍ ዓመት በተከበረበት ጊዜ፣ የአዋላጆችን ሥራ ምናልባት ከሙያዎች ሁሉ የከበረ ብለው አሞግሰውታል። ነገር ግን «ጥሪ» የሚለውን ክቡር ቃል ደመወዝ ላለመጨመር እንደ ምክንያት ስንጠቀምበት ቃሉን እናረክሰዋለን። የገዳም እህት የድኽነት መሓላ ገብታለች፤ በእርጅናዋም ማኅበሯ ይጦራታል። ተቀጣሪዋ ነርስ ግን መሓላ የገባችው ለትዳሯ ነው፤ ልጆች አሏት፤ የቤት ኪራይ ትከፍላለች። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ሬሩም ኖቫሩም በተሰኘው መልእክታቸው፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክታቸው ስለ ተገቢ ደመወዝ ያስተማሩት ለፋብሪካ ባለቤቶች ብቻ አይደለም። ለሀገረ ስብከት ክሊኒክም ነው።

የክሊኒኮቻችን ነርሶች ወደ መንግሥት ሥራ የሚሄዱባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። በመንግሥት ዘንድ የደረጃ ዕድገት አለ፤ ዝውውር አለ፤ ለተጨማሪ ትምህርት የመላክ ዕድል አለ፤ ጡረታ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2011 እስኪወጣ ድረስ ከመንግሥት ውጪ የሚሠራ ሰው በእርጅናው የሚጦረው ሕግ አልነበረም። ከአዋጁ በኋላ ግን «ሕጉ የለም» የሚለው ምክንያት ቀርቶአል። ነርሷ ለቅቃ ስትሄድ «ገንዘብ ወዳድ ሆነች» ብሎ ከማማት በፊት የሥራ ውሏን አውጥቶ ማንበብ ይበጃል።

ከደመወዝ ሌላ ደግሞ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። ነርሷ ሌሊት ስትጠራ የሚያጅባት ዘበኛ መኖሩ፣ በማዋለጃው ክፍል ውኃና መብራት፣ ጓንትና ደም የሚያቆም መድኀኒት አለመጥፋቱ ከጭማሪ ገንዘብ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። አንዲት አዋላጅ ልታድናት የምትችላት እናት መድኀኒት በማጣት በእጇ ላይ ስትሞት ካየች፣ በነጋታው የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ብትጽፍ ሊገርመን አይገባም። በወሊድ ጊዜ አንድ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ የሚጮኸው በርሷ ላይ ነው፤ አለቃዋ በዚያች ሰዓት ከጎኗ መቆም አለመቆሙን በሕይወቷ ሙሉ አትረሳውም።

የግዴታ አገልግሎት ውልን በተመለከተም አንድ ቃል ልጨምር። ተማሪን በነጻ አስተምሮ ለተወሰነ ዓመት በተመደበችበት እንድትሠራ ማስፈረም ፍትሓዊ ነው፤ የብዙዎች ገንዘብ ወጥቶባታልና። ነገር ግን የትምህርት ማስረጃዋን ይዞ መቆለፍ ብቻውን ማቆየት አይባልም። ቀን እየቈጠረች የምትሠራ አዋላጅ፣ ውሉ ባለቀ ማግስት የምትሄደው ጥላቻ ይዛ ነው፤ ከርሷ በኋላ የምትመጣዋም ታሪኩን ሰምታ ነው የምትመጣው።

ቁምስናዎች በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ድርሻ አላቸው? በብዙ ስፍራ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ናቸው። ምእመናን ለቤተ መቅደስ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲያዋጡ አይተናል፤ ለአዋላጅዋ ሁለት ክፍል ቤት፣ ቍልፍ ያለው በርና መጸዳጃ ለመሥራት የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። የእናቶች ማኅበር ተረኛ ሆና ላደረች ነርስ ሕፃኗን ሊይዝላት ይችላል። ከቁምስናው ልጆች መካከል በትምህርቷ የበረታች ልጅ መርጦ፣ ተመልሳ እንድታገለግል ተስማምቶ ወደ ነርስነት ትምህርት መላክም ይቻላል፤ የአካባቢውን ቋንቋ የምታውቅ፣ እናቷ ቤት እራት የምትበላ ልጅ ከሩቅ ከመጣችው ይልቅ የመቆየት ዕድሏ የሰፋ ነው።

ለቁምስና ጉባኤያትና ለወጣቶች ማኅበራት ውይይት እንዲረዳ፣ ዘጸአት ምዕራፍ 1ን ከቍጥር 15 እስከ 21 በአንድነት ካነበባችሁ በኋላ በእነዚህ ነገሮች ላይ ብትነጋገሩ መልካም ነው። በአቅራቢያችሁ ባለው ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ስንት ነርሶችና አዋላጆች አሉ? ባለፉት አምስት ዓመታት ስንቶቹ ለቀቁ? ለምን እንደ ለቀቁ የጠየቃቸው ሰው አለ? ያሉትስ የት ነው የሚያድሩት? የክሊኒኩ ኀላፊ ፈቃደኛ ከሆኑ አንዲት አዋላጅ በውይይቱ ላይ ተገኝታ ስለ አንድ ሌሊት ተረኝነቷ እንድትናገር ጋብዙአት፤ ነገር ግን ስብሰባውን በዕረፍት ቀኗ አታድርጉት።